ሪካርዶ ሞራንዲና ሁለቱ ድልድዮቻቸው

ኦገስት 14 ቀን 2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በኢጣሊያ የወደብ ከተማ በጄኖቫ ከባድ ዝናብ ይጥል ነበር። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ሲሆን የፖልቼቬራን ሸለቆ ከሚሻገረው የአውራ ጎዳና ድልድይ ሦስት ታላላቅ ማማዎች አንደኛው፣ ተሸክሞት ከነበረው ከ200 ሜትር የሚበልጥ የመንገድ ወለል ጋር ፈርሶ ወደቀ። 43 ሰዎች ሞቱ። በሸለቆው ውስጥ ከድልድዩ ሥር ይኖሩ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎችም ቤታቸውን ለቀው ወጡ። የዓለም ጋዜጦች ዜናውን ሲያወጡ ድልድዩን የጠሩት በነዳፊው መሐንዲስ ስም ነበር። ኢንጂነር ሪካርዶ ሞራንዲ በዚያን ዕለት ከሞቱ 28 ዓመት አልፏቸዋል፤ ሆኖም በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ቀን አወቃቸው፤ ያወቃቸውም በወደቀ ሥራቸው ነው።

ሰውን በአንድ ሥራው ብቻ መመዘን በማንኛውም ሙያ ተገቢ አይደለም፤ በእኛ ሙያ ደግሞ ከስሕተትም አልፎ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም መሐንዲስ የሚማረው ከውድቀቱ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ወደ ውድቀቱ ካደረሰው የአስተሳሰብ ጉዞ ጭምር ነው። ሞራንዲ በዘመናቸው ከታወቁት የኮንክሪት መሐንዲሶች አንዱ ነበሩ። ከጄኖቫው ድልድይ በፊት በቬኔዙዌላ፣ በማራካይቦ የባሕር ወሽመጥ ላይ 8,678 ሜትር የሚረዝም ድልድይ ነድፈው ነበር፤ ያ ድልድይ ዛሬም ቆሞ ያገለግላል። ከአንድ አእምሮ የወጡ ሁለት ድልድዮች ዕጣቸው ለምን እንደተለያየ መረዳት የሚፈልግ ሰው የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው መከታተል ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ለማሳሰብ እወዳለሁ።

ሪካርዶ ሞራንዲ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1902 በሮማ ከተማ ተወለዱ። የምሕንድስና ትምህርታቸውንም እዚያው በሮማ ተከታትለው በ1927 ተመረቁ። ወጣቱ መሐንዲስ ሥራ የጀመሩት በደቡብ ኢጣሊያ፣ በካላብሪያ ነበር። ይህ አገር በ1908 በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሜሲናና ሬጂዮ የተባሉት ከተሞች የፈራረሱበት፣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ያለቀበት ነው። ሞራንዲ በዚያ የተሠማሩት በአርማታ ሥራ ላይ ነበር። መሬት ራሷ የማትታመንበትን አገር የሥራ መጀመሪያ ማድረግ በአንድ መሐንዲስ ላይ ጠባይ ሳይተው አይቀርም፤ ኋላ እንደምንመለከተው፣ መሠረቱ ቢናወጥ ወይም ቢሰጥም ሕንጻው እንዳይሰበር ማድረግ የሞራንዲ የዕድሜ ልክ አሳብ ሆኖ ቆይቷል።

ከካላብሪያ ተመልሰው በሮማ የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። በ1930ዎቹ ዓመታት ሲኒማ ቤቶችን፣ ፋብሪካዎችን፣ በኮሌፌሮ የፋብሪካ ከተማም የቅድስት ባርባራን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በ1935 የፋሺስት መንግሥት አገራችንን በወረረ ጊዜ የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። ማዕቀቡ ለእኛ ያደረገልን ነገር እጅግ ጥቂት እንደነበር ማንም አንባቢ ያውቃል፤ በኢጣሊያ መሐንዲሶች ላይ ያስከተለው ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። መንግሥቱ በራስ መቻል የሚል መመሪያ አውጥቶ ብረትን ለጦር መሣሪያ አዋለ፤ ለግንባታ የሚሆን ብረት ብርቅ ሆነ፤ ቀጥሎም የአርማታ ሥራ ራሱ እስከ መታገድ ደረሰ። በዚያ ዘመን ያደጉ የኢጣሊያ መሐንዲሶች ብረት ቆጥቦ መሥራትን እንደ ሁለተኛ ተፈጥሮ የያዙት ከዚህ የተነሣ ነው። ሞራንዲም በቅድመ ውጥረት ኮንክሪት ላይ ያደረባቸው ፍቅር ከዚሁ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

ለማኅበራችን አባላት የቅድመ ውጥረትን ጥቅም ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ኮንክሪት ጭምቀትን እንጂ ውጥረትን አይችልም፤ ስለዚህ ጭነት ሳይመጣበት በፊት በተወጠሩ ጠንካራ ሽቦዎች አስቀድሞ ይጨመቃል፤ ጭነት ሲመጣ ያ ጭምቀት ይቀንሳል እንጂ ኮንክሪቱ አይሰነጠቅም። ፈረንሳዊው ኢንጂነር ኤዥን ፍሬሲኔ ይህን ሐሳብ በ1928 በፓተንት ካስመዘገቡ በኋላ በአውሮፓ ልዩ ልዩ አገሮች ያሉ መሐንዲሶች የየራሳቸውን የመወጠሪያ ስልት ማውጣት ጀመሩ። ሞራንዲም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በራሳቸው ስም የሚጠራ የመወጠሪያ ስልት አወጡ። ከዚያ ወዲያ ለሚቀርብላቸው ጥያቄ ሁሉ የሚሰጡት መልስ ይኸው ሆነ። ይህ ጥንካሬያቸው ነበር፤ አንድ መሣሪያ በእጁ የተዋጣለት ሰው ግን ሥራውን ሁሉ በዚያው መሣሪያ ማየት ይጀምራል፤ በበኩሌ የኋላው ችግር ዘር ከዚህ ላይ ይታየኛል።

የ1950ዎቹ ዓመታት የሞራንዲ የድፍረት ዘመን ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ፣ በስቶርምስ ወንዝ ላይ በ1956 የተጠናቀቀው ድልድያቸው 120 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ገደል የሚሻገር፣ ግንዱ 100 ሜትር የሚዘረጋ የኮንክሪት ቅስት ነው። ከእንደዚያ ያለ ገደል ውስጥ ርብራብ ማቆም የማይታሰብ ስለነበር፣ የቅስቱን ሁለት ግማሾች በግራና በቀኝ ገደል አፋፍ ላይ እንደ ማማ ቀጥ አድርገው አቁመው ካስገነቡ በኋላ፣ በገመድ እየያዙ ቀስ በቀስ ወደ መኻል አዘነበሏቸውና ጫፍ ለጫፍ አገናኟቸው። በፍሎረንስ የአሜሪጎ ቬስፑቺን ድልድይ፣ በቱሪን ከመሬት በታች የተሠራውን የአውቶሞቢል ኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ በካታንዛሮም 231 ሜትር የሚዘረጋውን ታላቅ ቅስት በዚሁ ዘመንና ወዲያው በተከታዩ ጊዜ ሠሩ። በፍሎረንስ፣ ኋላም በሮማ ዩኒቨርሲቲ የድልድይ ሥራ ያስተምሩ ነበር።

አሁን ወደ ማራካይቦ እንምጣ። ማራካይቦ ሐይቅ ይባል እንጂ በጠባብ አፍ ከካሪቢያን ባሕር ጋር የተገናኘ ወሽመጥ ነው፤ ባሕሩ ከጨዋማ ውሃው ጋር በዚያ አፍ ይገባል፣ የነዳጅ ዘይት ጫኝ መርከቦችም በዚያው ይወጣሉ ይገባሉ። የማራካይቦ ከተማ በምዕራቡ ዳርቻ ትገኛለች፤ የቀረው ቬኔዙዌላ ግን በምሥራቅ ነው። በዚህ የተነሣ የአገሪቱ የነዳጅ ሀብት መናኸሪያ የሆነችው ከተማ ከአገሯ ጋር የምትገናኘው በጀልባ ነበር። በ1957፣ በጄኔራል ማርኮስ ፔሬዝ ሂሜኔዝ አገዛዝ ዘመን፣ ለድልድዩ ውድድር ሲወጣ 12 ሐሳቦች ቀረቡ። አሥራ አንዱ የብረት ድልድዮች ነበሩ። የኮንክሪት ድልድይ ያቀረቡት ሞራንዲ ብቻ ነበሩ፤ ያሸነፉትም እሳቸው ናቸው።

ለምን አሸነፉ ቢባል፣ ከመልኩ ማማር ሌላ ሁለት ምክንያቶች ከባድ ነበሩ። አንደኛው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ብረቱ ከውጭ መምጣት ሲኖርበት የኮንክሪቱ አሸዋ፣ ጠጠርና ሲሚንቶ ግን ከአገር ውስጥ ሊገኝ ይችል ነበር። ሁለተኛው የጥገና ጉዳይ ነው። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ እርጥበትና በዚያ ጨው ውስጥ የብረት ድልድይ ዕድሜ ልኩን ቀለም ሲቀባ መኖሩ ነው፤ ኮንክሪት ግን ጥገናው አነስተኛ ይሆናል ተብሎ ታመነ። አንባቢ ይህን ሁለተኛውን ምክንያት እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

በእንግሊዝኛ ኬብል ስቴይድ የሚባለውን የድልድይ ዓይነት በአማርኛ ለማስረዳት ከድንኳን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የድንኳኑ ምሰሶ ይቆማል፤ አውታሩ ከምሰሶው ጫፍ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ካስማው ይወጠራል። በተንጠልጣይ ድልድይ ዋናው ገመድ ከማማ ወደ ማማ እንደ ሐረግ ረግቦ ሲዘረጋ፣ በአውታር ድልድይ ግን እያንዳንዱ አውታር ከማማው ጫፍ ቀጥታ ወርዶ የመንገዱን ወለል ይይዛል። አውታሩ በአንድ በኩል ሲስብ በሌላው በኩል ያለው አውታር ያንኑ ያህል ስለሚስብ ማማው ሳይዘም ይቆማል። ዘመናዊው የዚህ ዓይነት ድልድይ የመጀመሪያው ምሳሌ ጀርመናዊው ፍራንዝ ዲሺንገር ነድፈውት በ1950ዎቹ አጋማሽ በስዊድን የተሠራው የስትሮምሱንድ ድልድይ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ሞራንዲ ማራካይቦን መንደፋቸው የድፍረታቸውን መጠን ያሳያል።

ከባዱ ችግር የማማዎቹ ብዛት ነበር። ማማው ሁለት ብቻ ሲሆን የኋላው አውታር የብስ ላይ ካለ ጠንካራ ምሰሶ ጋር ይታሰራል፤ ማማውም ወደ ፊት እንዳይዘም ይህ ይይዘዋል። በማራካይቦ ግን መርከቦች የሚያልፉባቸው አምስት ሰፋፊ በሮች፣ እያንዳንዳቸው 235 ሜትር ሆነው፣ በውሃው መኻል ተከታትለው መሠራት ነበረባቸው፤ ለዚህም ስድስት ማማዎች በተርታ ይቆማሉ። መኻል ላይ ያለው ማማ የሚደገፍበት የብስ የለውም። ከባድ መኪናዎች በአንደኛው በር ላይ ሲሰበሰቡ ማማው ወደዚያ ያዘነብላል፣ ወለሉም ይሰጥማል። የአውታር ድልድይ ከሦስትና ከአራት ማማ በላይ እንዳይሠራ መሐንዲሶችን ለብዙ ዘመን ያሳሰባቸው ይህ ነው።

ሞራንዲ የሰጡት መልስ እያንዳንዱን ማማ ራሱን የቻለ ሚዛን ማድረግ ነበር። ከውሃው በላይ 92 ሜትር ያህል የሚቆመው ማማ በግራና በቀኝ ተራራቀው የሚነሡ እግሮች ስላሉት በምንም ጭነት አይዘምም። ከማማው ተለይተው የቆሙ፣ የኤክስ ፊደል ቅርጽ ያላቸው ሌሎች እግሮች የመንገዱን ወለል ከሥሩ ይደግፉታል። ወለሉ ከማማው ወዲህና ወዲያ እንደ ሚዛን ክንድ ወጥቶ ጫፉ አጠገብ በአውታር ይያዛል። የአንዱ ሚዛን ወለል ርዝመት 189 ሜትር ነው፤ በሁለት ሚዛኖች መካከል የሚቀረው 46 ሜትር ክፍት ቦታ ከየብስ ተሠርተው በተንሳፋፊ ክሬን በመጡ የኮንክሪት ቢሞች ተሸፈነ። ቢሞቹ በሚዛኖቹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ እንጂ ከነሱ ጋር አንድ ሆነው አልታሰሩም። ስለዚህ አንዱ ማማ ቢሰጥም ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ቢናወጥ ጉዳቱ ወደ ጎረቤቱ አይተላለፍም። የካላብሪያው ወጣት መሐንዲስ አሳብ እዚህ ላይ በሙሉ መልኩ ይታያል።

አገዛዙ በጃንዋሪ 1958 ወደቀ፤ ሥራው ግን በተከታዩ መንግሥት ዘመን ቀጥሎ፣ የቬኔዙዌላና የጀርመን ሥራ ተቋራጮች በአንድነት ሠርተውት፣ ድልድዩ በኦገስት 24 ቀን 1962 በፕሬዚዳንት ሮሙሎ ቤታንኩር ተመረቀ። ለቬኔዙዌላ ነጻነት በተዋጉት በጄኔራል ራፋኤል ኡርዳኔታ ስም ተሰየመ። በጠቅላላው 135 ስፓኖች አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ አምስቱ ብቻ ናቸው በአውታር የተያዙት፤ የቀሩት ከዳርቻ እስከ መኻል ቀስ በቀስ ከፍ እያሉ የሚሄዱ ናቸው። ከውሃው እስከ ወለሉ ያለው ክፍት ከፍታ በመኻሉ 45 ሜትር ያህል ሲሆን ለዘመኑ ታላላቅ መርከቦች በቂ ነበር።

የድልድዩ ፈተና ሳይዘገይ መጣ። በኤፕሪል 6 ቀን 1964 ሌሊት ኤሶ ማራካይቦ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ የኤሌክትሪክ ኃይሏ ተቋርጦ መሪዋ አልታዘዝ ስላለ፣ ከመርከብ መተላለፊያው ርቃ ሄዳ ከድልድዩ ጋር ተጋጨች። ቁጥር 31 እና 32 የተባሉት ምሰሶዎች ወደቁ፤ ከነሱም ጋር 259 ሜትር የሚሆን ወለል ውሃ ውስጥ ገባ። ሰባት ሰዎች መንገዱ መቋረጡን በጨለማ ሳያዩ ከነመኪናቸው ገብተው ሞቱ። የቀረው ድልድይ ግን ቆሞ ቀረ። እያንዳንዱ ክፍል ለራሱ የቆመ በመሆኑ ውድቀቱ ከክፍል ወደ ክፍል አልተላለፈም። ስለዚህ የሞራንዲ ፍልስፍና ትክክል መሆኑ የተረጋገጠ መሰለ፤ በአንድ በኩልም ተረጋግጧል። ግን የዚህ ፍልስፍና ሌላ ገጽ አለው፤ በአንድ ሚዛን ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እርስ በርሱ ተማምኖ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ማማ በአራት አውታር ብቻ ነው የሚሠራው። ከአራቱ አንዱ ቢበጠስ የቀሩት ሊተኩት አይችሉም።

በማራካይቦ አውታሮቹ በጎን ተደርድረው የተሳሰሩ የብረት ኬብሎች ሲሆኑ በኮንክሪት አልተሸፈኑም ነበር። ይህ ለሞራንዲ አልተዋጠላቸውም ይመስላል። አሥራ አንዱን የብረት ድልድይ ያሸነፉት ብረት በባሕር አየር ይዝጋል፣ ኮንክሪት ግን ይጠብቃል በሚል ክርክር ሆኖ ሳለ፣ የድልድያቸው ዋና ጅማት ራቁቱን ለባሕር አየር ተሰጥቷል። በተጨማሪም ራቁት ኬብል ጭነት ሲበዛበት ይረዝማል፣ ሲቀንስለት ያጥራል፤ ይህም ወለሉን ከማወዛወዙ ሌላ በብረቱ ላይ ድካም ያመጣል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሥራቸው፣ በጄኖቫ፣ አውታሮቹን ራሳቸውን የቅድመ ውጥረት ኮንክሪት አደረጓቸው።

የአሠራሩ ብልኃት ሊደነቅ የሚገባው ነው። በመጀመሪያ የብረት ሽቦዎቹ ከማማው ወደ ወለሉ ተዘርግተው የድልድዩን የራሱን ክብደት ተሸከሙ። ቀጥሎ በዙሪያቸው የኮንክሪት ሽፋን ተሠራ፤ በዚህ ሽፋን ውስጥም ሌሎች ሽቦዎች ገብተው ተወጠሩና ኮንክሪቱን ጨመቁት። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ የሚያልፈው ጭነት ሁሉ የኮንክሪቱን ጭምቀት የሚቀንስ ብቻ ስለሚሆን አውታሩ የሚረዝመው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ብረቱም የጭነቱን መለዋወጥ አያውቀውም ማለት ይቻላል። በወረቀት ላይ ይህን የሚተች ሰው ለማግኘት ያስቸግራል። እኛም በዩኒቨርሲቲ የተማርነው ይኸንኑ ነው፤ ኮንክሪት በጠባዩ አልካላይን በመሆኑ በውስጡ ያለው ብረት አይዝግም ተብለናል።

የጄኖቫው ድልድይ ሥራ በ1963 ተጀምሮ በሴፕቴምበር 4 ቀን 1967 በፕሬዚዳንት ጁዜፔ ሳራጋት ተመረቀ። ርዝመቱ 1,182 ሜትር፣ የሦስቱ ታላላቅ ማማዎች ቁመት 90 ሜትር ያህል፣ መንገዱ ከሸለቆው ያለው ከፍታ 45 ሜትር ነበር። ከሥሩ የባቡር ሐዲዶች፣ ፋብሪካዎችና መኖሪያ ቤቶች ነበሩ። ሚዛኖቹ ቁጥር 9፣ 10 እና 11 ይባሉ ነበር፤ እያንዳንዳቸው አራት አውታር፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት አውታር ነበራቸው። ባሕሩ ከደቡብ በኩል ቅርብ ነው፤ በባሕሩና በድልድዩ መካከል ደግሞ የኮርኒልያኖ የብረት ፋብሪካ ጭሱን ይለቅ ነበር።

ሞራንዲ ከዚህ በኋላ በሊቢያ፣ በዋዲ ኤል ኩፍ፣ መኻሉ 282 ሜትር የሚዘረጋ ድልድይ በ1971 አስጨረሱ፤ በኮሎምቢያም በማግዳሌና ወንዝ ላይ በባራንኪያ ከተማ አጠገብ በ1974 ሌላ ሠሩ። በሮማ የፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሠሯቸው የአውሮፕላን ጋራዦችም በዚሁ የአውታር ስልት የተያዙ ናቸው። ስለነዚህ ሁሉ ማተት ጽሑፉን ያስረዝመዋል።

በዚህ መካከል ጊዜ ሥራውን ይሠራ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በማራካይቦ ከኬብሎቹ አንዱ ተበጠሰ። ምርመራ ሲደረግ ብዙዎቹ በዝገት ተበልተው ተገኙ። ሆኖም ድልድዩ አልወደቀም፤ እያንዳንዱ አውታር ከብዙ ኬብሎች የተሠራ ስለነበር የአንዱ መበጠስ ማስጠንቀቂያ ሆነ እንጂ ጥፋት አልሆነም። ኬብሎቹም ራቁታቸውን ስለነበሩ ዝገቱን ዓይን አየው፣ እጅም ዳሰሰው። ከዚያ በኋላ በተከታዮቹ ዓመታት ኬብሎቹ በሙሉ በአዲስ ተለወጡ። ሞራንዲ እንደ ድክመት የቆጠሩት ራቁትነት ድልድዩን አዳነው።

በጄኖቫ የሆነው ሌላ ነው። በ1979 ሞራንዲ፣ ዕድሜያቸው 77 ሊሞላ ሲል፣ ለሙያ ባልደረቦቻቸው ስለ ጄኖቫው ድልድይ ጤንነት አንድ ጥናት አቀረቡ። ጥናቱን ያነበበ ሰው የሽማግሌውን ሐቀኝነት ሳያደንቅ አያልፍም። ከባሕሩ የሚነፍሰው ጨዋማ ነፋስ ከፋብሪካው ጭስ ጋር ተደባልቆ ኮንክሪቱን ካሰቡት ይልቅ በፍጥነት እየበላው መሆኑን፣ በባሕሩ በኩል ያለው ፊት ይበልጥ መጎዳቱን አስረዱ። ዝገቱ ሁሉ እንዲፋቅ፣ የተጋለጠው ቦታ በኤፖክሲ ሬዚን እንዲሞላ፣ ከዚያም የኮንክሪቱ ገጽ ኬሚካል በሚቋቋም የላስቲክ ጠባይ ባለው ልባስ እንዲሸፈን መከሩ። ድልድዩ ከተመረቀ ገና 12 ዓመቱ ነበር። መሐንዲስ የገዛ ሥራውን በአደባባይ ታምሟል ብሎ ማስታወቅ እንዴት እንደሚከብድ ለባልደረቦቼ መንገር አያስፈልገኝም። ይሁን እንጂ እሳቸውም ያዩት ከውጭ የሚታየውን ነበር። በኮንክሪቱ ሆድ ውስጥ ያለውን ሽቦ ማየት የሚችል ሰው አልነበረም፤ እንዲታይ ተደርጎ አልተሠራምና።

ሞራንዲ በዲሴምበር 25 ቀን 1989 በተወለዱባት በሮማ ዐረፉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቁጥር 11 ማማ አውታሮች ሲመረመሩ፣ በአናታቸው በኩል ሽቦዎቹን መሸፈን የነበረበት የሲሚንቶ ሙሌት ጉድለት እንዳለበትና በዚያ ክፍት ቦታ ዝገት እንደገባ ታየ። ለዚያ ማማ በአሮጌዎቹ አውታሮች ጎን ለጎን አዲስ የብረት ኬብሎች ከውጭ ተዘረጉለት። ቁጥር 9 ግን ይህን የመሰለ ማጠናከሪያ አልተደረገለትም። አንድ አካል ታምሞ ሲገኝ መንትያው ጤነኛ ነው ተብሎ በምን ምክንያት እንደታመነ ለማስረዳት የሚችል ሰው ቢኖር እሰማው ነበር። በመጨረሻ ለቁጥር 9 እና ለቁጥር 10 አውታሮች የማጠናከሪያ ፕላን ተነድፎ በ2018 ተፈቅዶ ነበር፤ ሥራው ሳይጀመር ኦገስት 14 ደረሰ።

የፍርድ ቤቱ ሊቃውንት በ2020 ባቀረቡት ጥናት የውድቀቱ መነሻ በቁጥር 9 ማማ በባሕሩ በኩል የነበረው አውታር መሆኑን፣ በአናቱ አጠገብ ያሉት ሽቦዎች ለረጅም ጊዜ በዝገት ሲበሉ መኖራቸውን ገለጹ። በ2022 የበርካታ ተከሳሾች ጉዳይ በጄኖቫ ፍርድ ቤት መታየት ጀመረ። ስለ ፍርዱ መናገር የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ከሙያ አንጻር ግን ሁለት ነገሮችን ሳልናገር አላልፍም።

አንደኛ፣ ሞራንዲ ከኃላፊነት ፈጽሞ ነጻ አይደሉም። አራት አውታር ብቻ ያለው ሚዛን አንድ ሲጎድለው የሚቆምበት ሌላ መንገድ የለውም፤ የአውታሩም ሽቦ ቀጭን ነው፤ የአንዱ ውፍረት ከአራት ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝገት ለአርማታ ብረት ቁስል ሲሆን ለእንዲህ ያለው ሽቦ ግን ሞት ነው። ሞራንዲ ጄኖቫን በሚሠሩበት ዘመን ጀርመኖች ብዙ ቀጫጭን አውታሮችን መደርደር ጀምረው ነበር፤ በ1967 በቦን የተከፈተው የፍሪድሪኽ ኤበርት ድልድይ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚያ ስልት አንዱ አውታር ለጥገና ሲወጣ ሌሎቹ ይሸከማሉ። ይህ የሞራንዲን መንገድ ጊዜው እንዲያልፍበት አደረገው፤ እሳቸው ግን ከራሳቸው ስልት አልወጡም።

ሁለተኛ፣ የጥገና ወጪ አይኖርም የሚለው እምነት የሳቸው ብቻ አልነበረም። ማራካይቦን ለኮንክሪት የሰጠው ይኸው እምነት ነው፤ እንደገና ላስታውስ ያልሁት ምክንያት ይህ ነበር። የዘመኑ መሐንዲሶችና መንግሥታት በሙሉ አምነውበታል። ከዚህ እምነት በይፋ ከተመለሱት ቀዳሚዎች አንዱ ራሳቸው ሞራንዲ ነበሩ፤ ከተመለሱ በኋላ ድልድዩ 39 ዓመት ቆሞ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ የተሰጠው የጥገና ክፍል በብዙ አገር አይገኝም።

የቀሩት ሁለት ማማዎች በጁን 28 ቀን 2019 በፈንጂ ፈረሱ፤ በ1990ዎቹ የታከመው ቁጥር 11 ማማም አብሮ ሄደ። በሥፍራው በጄኖቫው ተወላጅ በአርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ የተነደፈው አዲስ ድልድይ በኦገስት 2020 ተመረቀ። ርዝመቱ 1,067 ሜትር ሲሆን በ18 ምሰሶዎች ላይ ያረፈ ነው፤ ማማም አውታርም የለውም። የብረት ወለሉን ከታች የሚመረምሩ በሐዲድ ላይ የሚሄዱ ሮቦቶችና ጨው ያዘለ እርጥበት በውስጡ እንዳይቀመጥ የሚያደርቅ መሣሪያ ተገጥሞለታል።

የማራካይቦ ስድስቱ ማማዎች ግን እንደቆሙ ናቸው። አውታሮቹ ዛሬም ራቁታቸውን ከባሕሩ ነፋስ ፊት ተወጥረዋል፤ ዝገታቸውን መከታተል የሚፈልግ መሐንዲስ ወጥቶ ሊያየው ይችላል።